ሟች የሌለው ለቅሶ

ብቸና፣ ኅዳር ፳፫ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለልጄ ለወልደ ኪዳን ገብረ ሚካኤል፣
ካለህበት ማዕድን ሠፈር።

ልጄ ሆይ፣ እንደምን ሰንብተሃል? እኔም እናትህም በሕይወት አለን። አንተም በሕይወት አለህ። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል መቶ ጊዜ ብጽፋት አይሰለቸኝም። ለምን እንዲህ እንደምል ከታች ታየዋለህ፤ ስቀህ ደብዳቤውን ካልጣልኸው።

የምጽፍልህ በምታውቃት ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከአውራጃው ፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጬ ነው። አቤቱታ የሚያስጽፍ ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር አቋርጣለሁና ነገሩ ቢዘበራረቅብህ ታገሠኝ። ጓደኛህ ገብረ ክርስቶስና ሁለቱ ባልንጀሮቹ ፈቃዳቸውን ጨርሰው ነገ ከሞጣ ሲመለሱ በዚህ ያልፋሉ። ደብዳቤውን በእጁ እሰጠዋለሁ።

እንግዲህ ስማኝ። የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ሰኞ ኅዳር ፲፬ ቀን፣ አልቅሰንልሃል። እንደ ነገሩ አይደለም፤ ደረት ተመቶ፣ ፊት ተነጭቶ፣ አገር ምድሩ ወጥቶ ነው የተለቀሰልህ። በሕይወት እያለ እንዲህ ያማረ ለቅሶ የተለቀሰለት ሰው በዚህ ደብር አላውቅም።

አንተ ራስህ ስትጽፍልን እንደኖርኸው ማዕድኑ እስከ ዘንድሮ ለሠራተኛ ፈቃድ አይሰጥም ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ለጥምቀትም ለፋሲካም አልመጣህም። ከዚያ ሠፈር ሰው የሚለቀቀው አንዱ የሞተ እንደሆነ ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ ሁለት ጓደኞቹ መርዶውን ያደርሳሉ። ባለፈው ግንቦት የጎረቤታችን የበዛብሽ ልጅ ወልደ ሰንበት ጉድጓዱ ተንዶበት የሞተ ጊዜ የመጡትም ሁለት ነበሩ። በማለዳ የነፍስ አባታችንን ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስን ጠይቀው፣ ሽማግሌ አሰባስበው፣ በዛብሽን ገና ከመኝታዋ ሳትነሣ አረዷት። ከዚያ ቀን ወዲህ እናትህ በማለዳ የሰው ኮቴ በሰማች ቁጥር ትንፋሽዋን ትይዛለች። እኔም እይዛለሁ፤ ግን አልነግራትም።

ጓደኞችህ እሑድ ዕለት ከደጀን በጭነት መኪና ብቸና ገቡ። መኪናው ሰኞ ረፋድ ላይ ወደ ሞጣ ይነሣል ስለተባሉ፣ መልእክትህን አድርሰው ቶሎ ለመመለስ ጎሕ ሲቀድ ወደ እኛ መንደር ወጡ። ቤታችንን አያውቁትም። አንተ «ቤቱ ቢጠፋችሁ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስን ጠይቁ» ብለሃቸዋል። የአንተ ጥፋት ይህችው ብቻ ናት፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የእኛ ነው።

ቄሱ ኪዳን አድርሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አገኟቸው።

«ከማዕድን ሠፈር ነን አባ። የወልደ ኪዳንን አባት ቤት እንዲያሳዩን ነበር» አላቸው ገብረ ክርስቶስ።

«ስንት ሆናችሁ መጣችሁ?»

«ሦስት ነን።»

ቄሱ አማተቡ። ለወልደ ሰንበት የመጡት ሁለት ነበሩና ሦስት መሆናቸው የባሰ መሰላቸው። ገብረ ክርስቶስ ሊቀጥል አፉን ሲከፍት እጃቸውን አፉ ላይ አደረጉበት።

«ተው ልጄ፣ አሁን አትናገር። ለሁሉም ሥርዓት አለው። እኔ ሰው ልሰብስብ።»

ሰው ተሰበሰበ። አምስት ሽማግሌ ነጠላውን ዘቅዝቆ መጣ። የሞተው ማን እንደሆነ የጠየቀ አንድ ሰው የለም፤ እያንዳንዱ ሌላው የሚያውቅ መስሎታል። ጓደኞችህ ደግሞ ይህን ሁሉ ሲያዩ ምን አሰቡ መሰለህ? እኔ የሞትሁ መሰላቸው! ቄሱ ከሐዘን ቤት የሚያደርሷቸው መስሏቸው፣ አንተ ሳትሰማ አባትህ መቀበሩ አንጀታቸውን በልቶት፣ ገና ከአጥራችን ሳይደርሱ ማልቀስ ጀመሩ። ደግ ልጆች ናቸው። ለሞቴ እንዲህ የሚያለቅሱ ከሆነ ለኑሮዬም ይጸልዩልኝ።

እኔ ወደ ሥራዬ ልወርድ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ቄሱን አየሁ፤ ሽማግሌዎቹን አየሁ። ከኋላቸው የኩባንያውን ካኪ ኮት የለበሱ ሦስት እንግዶች እያነቡ ቆመዋል። ቄሱ «ገብረ ሚካኤል ወንድሜ፣ እንግዲህ ጽና» ከማለታቸው እናትህ ከኋላዬ ጮኸች። ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ጮኸ፤ ያን የሰማ ማዶው ጮኸ። ፀሐይ ገና ከፍ ሳትል ግቢያችን ሞላ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን የነገረኝ ሰው ነው። ሰው ፊት አላለቅስም እያልሁ ስኮራ ትሰማኝ አልነበር? አፈር ላይ ተንከባለልሁ አሉ። «የገደልሁት እኔ ነኝ! ደጄን እንዳትረግጥ ብዬ የጻፍሁለት እኔ ነኝ! ቃሌን ሰምቶ ቀረ!» እያልሁ ጮኽሁ አሉ። እናትህ ስለዚያ ደብዳቤ ምንም አታውቅም ነበር። አሁን እሷም ታውቃለች፣ ደብሩም ያውቃል።

ያን ደብዳቤ እዚህ አልደግመውም። ሰኔ ላይ አንድ ነጋዴ ከወዲያ መጥቶ ነገርህን ሁሉ አጫወተኝ። ወልደ ሰንበት ከሞተ በኋላ ሠራተኛውን አስተባብረህ «ጉድጓዱ ውስጥ የድጋፍ እንጨት ካልቆመ አንገባም» እንዳስባልህ፣ አቤቱታ ጽፈህ እንዳስፈረምህ፣ በዚሁም ምክንያት ታስረህ እንዳለህ ነገረኝ። ለእናትህ ትንፍሽ እንዳይል አስማልሁትና ወዲያው ቁጭ ብዬ ጻፍሁልህ። ያን ጊዜ የተቆጣሁ መስሎኝ ነበር። ግን ፈርቼ ነው። በስድሳ ዓመተ ምሕረት በግብሩ ምክንያት አገራችን የደረሰበትን አይቻለሁ፤ አቤቱታቸውን የጻፍሁላቸው ሰዎች ሲታሰሩ ስንቅ ያመላለስሁት እኔ ነኝ። ልጄን ከዚያ ቦታ ላስበው አልቻልሁም።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ሌላ ነው። ሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም እንደሚችል ዐዋጅ የወጣ ጊዜ በዚህ አገር ከማንም በፊት ያነበብሁት እኔ ነኝ። ነጋሪት ጋዜጣው ይኸው መሳቢያዬ ውስጥ አለ። መብትህ መሆኑን እያወቅሁ ነው ደጄን የዘጋሁብህ። የማንንም አቤቱታ ስጽፍ ኖሬ የገዛ ልጄ አቤት ሲል ዝም በል አልሁት።

እና ያን ዕለት መሬት ላይ ሆኜ ያሰብሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከእኔ የደረሰህ የመጨረሻ ቃል ያ ሊሆን ነው። ቢያንስ ሌላ ጽፌለት ቢሆን፣ እያልሁ ነበር። አምስት ወር ሙሉ ወረቀቱም ቀለሙም ከፊቴ ሳይጠፋ፣ እሱ ይቅደም ብዬ በኩራት ዝም ማለቴ ነው ያቃጠለኝ።

ያዳነችን በዛብሽ ናት። ገብረ ክርስቶስ እያለቀሰ ቆይቶ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ሞቷል ብሎ የሚያለቅስለት ሰው፣ አንተ በወረስኸው አፍንጫ፣ መሬት ላይ ሆኖ ይጮኻል። ግራ ቢገባው አጠገቡ የቆመችውን በዛብሽን ጠየቃት።

«እናቴ፣ የሞተው ማነው?»

«ምን ይላል ይኼ! ወልደ ኪዳን ነዋ። መርዶውን ያመጣኸው አንተው አይደለህም እንዴ?»

«ወልደ ኪዳን? የእኛው ጸሐፊ? ኧረ እሱስ ደኅና ነው! ሐሙስ ዕለት መኪናው ላይ የሰቀለን እሱ ነው!»

በዛብሽን አስባት እንግዲህ። የልጇን ሐዘን ገና ከላይዋ ያላወለቀች ሴት ናት። እንዲህ ያለ ቃል ለእሷ የሚነግራት አልተገኘም ነበር። ሰዉን በክርኗ እየገፋች መጣችና የእናትህን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

«አለ! ይርጋነሽ፣ ልጅሽ አለ! ስሚኝ እንጂ፣ አለልሽ!»

እናትህ አላመነችም። ገብረ ክርስቶስን በገብርኤል አስማለችው፣ በማርያም አስማለችው። ከዚያ «ጥርሱ እንዴት ነው?» አለችው። የፊት ጥርስህ ጫፏ የተሰበረች መሆኗን ሲነግራት መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች። ስታለቅስ ያልደከመች ሴት ስትስቅ ደከማት። እኔ ተነሥቼ አፈሬን አራገፍሁ፤ ከዚያም ለእንግዶቹ «እንደምን አደራችሁ» አልኋቸው።

ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ እስከ ዛሬ «ሞተ መቼ አልሁ?» እያሉ ይከራከራሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሞተ ያለ ሰው የለም። ለለቀስተኛ ተብሎ ከየቤቱ የመጣው ምግብም አልባከነም። ማግስቱ የነቢያት ጾም መግቢያ ስለነበረ ቅበላ ሆነ። ደረቷን ስትመታ ያረፈደችው ሁሉ እጇን ታጥባ ቀረበች። አልቃሿ ሀብትነሽማ ያወጣችልህ ሙሾ እንዳይቀርባት ለሠርግህ እለውጠዋለሁ ብላለች፤ እንግዲህ የማግባት ዕዳ አለብህ። በዚህ መካከል መኪናው ጓደኞችህን ጥሏቸው ወደ ሞጣ ሄደ። ቤተ ሰቦቻቸውን ያዩት በእኛ ምክንያት አንድ ቀን ዘግይተው ነው፤ ይቅርታ ጠይቅልን።

ምሳ ከተበላ በኋላ ነገሩን ሁሉ ዘረዘሩልን። ፈቃድ የሚባለውን ለማስረዳት ብዙ ደከሙ።

«ሳትታመሙ፣ ሰው ሳይሞትባችሁ፣ እንዲያው ሂዱና ዕረፉ አሏችሁ?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«አዎ አባቴ።»

«ሥራችሁስ?»

«ስንመለስ ይጠብቀናል።»

ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ጠየቃቸው፤ በመጨረሻም ከጌቶች ጋር ተጣልተው የመጡ መሆናቸውን በጆሮዬ ነገረኝ። እኔ ግን ገባኝ። እንጨቱ እስኪቆም ማንም ጉድጓድ ሳይገባ ሦስት ሳምንት መቆየታችሁን፣ ከእስር የተፈታህ ቀን ሠራተኛው በእግሩ መጥቶ እንደተቀበለህ፣ ማኅበራችሁ በዐዋጁ መሠረት መመዝገቡንና አንተን ጸሐፊ አድርገው እንደመረጡህ ነገሩን። ከዝናብ በኋላ ጉድጓዱ ሳይመረመር ማንም እንዳይገባ ተወስኗል፤ ቁስል የሚያክም ድሬሰርም ተቀጥሮላችኋል። እሑድም እሑድ ሆናለች። በዛብሽ ይህን ሁሉ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሰማች።

«እንጨቱስ አሁን ቆሟል?» አለች።

«ቆሟል እናቴ። በየሦስት እርምጃው አለ። ስንገባ እየነካነው ነው የምናልፈው።»

«ደግ» አለች በዛብሽ። ለልጇ ዘግይቶ እንደቆመ ሁላችንም አስበናል።

ከዚያ ገብረ ክርስቶስ የላክህልንን አወጣ። ለእናትህ የላክኸው ሻሽ ነው፤ ለእኔ ግን የዚያን አቤቱታ ረቂቅ ነው የላክኸው። «አባቴ ይይልኝና ስሕተቱን ያርምልኝ ብሏል» አለኝ። ሰው ሁሉ አንብብልን አለና ቆሜ አነበብሁ። በመጀመሪያው መስመር ላይ «ሟች ወልደ ሰንበት፣ የብቸና ሰው፣ የወይዘሮ በዛብሽ ልጅ» ይላል። በዛብሽ ስሟን ስትሰማ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ድገመው አለችኝ፤ ደገምሁት። ኩባንያው የጉድጓዱን ቁጥር ብቻ ጽፎ ያለፈውን ሰው አንተ ከነእናቱ ጽፈኸዋል። ይህን ያስተማርሁህ እኔ ነኝ ብዬ ልኮራ ነበር፤ ግን አላስተማርሁህም።

መጨረሻው ላይ «ከእግርዎ ሥር ወድቀን እንለምናለን» ብለህ ጽፈህ ነበር። ይህችን ያስተማርሁህ እኔ ነኝ። ከዚያ በአንድ መስመር ሰርዘህ «እንጠይቃለን» ብለሃል። መጀመሪያ ተናደድሁ። ሠላሳ ዓመት በዚያች ቃል ነው እንጀራ የበላሁት፤ አንተንም ያሳደግሁባት። ትናንት ግን አንዲት ባልቴት ስለ ድንበር ክርክር መጥታ ስጽፍላት፣ መጨረሻው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። «እጠይቃለሁ» ብዬ ዘጋሁላት። ስታስነብበኝ አወቀችው።

«ወድቄ የምትለዋ የት ሄደች?»

«ዛሬ ቆመሽ ነው» አልኋት።

«ዳኛው ባይወዱትስ?»

«እኔ ጻፍሁት በያቸው።» እስካሁን የጠራኝ የለም። ረቂቅህን ምንም ሳልነካ መልሼልሃለሁ። ቀኑን ብቻ በግዕዝ ቁጥር ብታደርገው ይሻል ነበር።

እናትህ ከዚያ ቀን ወዲህ አታናግረኝም። የምትፈልገውን በበዛብሽ በኩል ታስነግረኛለች፤ እኔ እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብዬ። «ለሰውዬው ራት ቀርቧል በይልኝ» ትላታለች። በዛብሽም እየሳቀች ትነግረኛለች። ከግንቦት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት በእኛ ጠብ ነውና ቶሎ እንታረቅ አልልም። ትናንት ልጽፍልህ መሆኑን ስትሰማ እናትህ «ና ብሎ ካልጻፈ ወረቀት አያበላሽ በይው» ብላለች። መልእክቷ ደርሶኛል።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። በማግስቱ ጓደኞችህን ወደ ሌላ መኪና ስሸኝ፣ ሁለቱ ቀደም ብለው ሄደው ከገብረ ክርስቶስ ጋር ብቻችንን ሆንን።

«እሱ ለምን አልመጣም?» አልሁት።

«ፈቃዱ በዕጣ ነበር። የመጀመሪያው ዕጣ ለወልደ ኪዳን ነው የወጣው። ለእኔ ሰጠኝ።»

«ለምን?»

«"የሚጠብቀው ሰው ያለው ይቅደም" አለ» ብሎ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ትንሽ ሄድን። ልተወው አሰብሁና አልቻልሁም። «በሰኔ የጻፍሁት ደብዳቤ ደርሶት ነበር?»

«ደርሶታል። እስር ቤት የወሰድሁለት እኔ ነኝ።»

«ምን አለ?»

«አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። "አባቴ ደኅና ነው፤ ሲቆጣ ጽሕፈቱ ያምራል" አለኝ።»

ልጄ፣ ያን ደብዳቤ ከኪስህ አውጣና ቅደደው። ወይም አትቅደደው፤ ራስህ እንደወደድህ አድርግ። ግን ከእሱ በላይ ይህን አስቀምጥ። ቀጣዩ ፈቃድ ጥር ላይ ነው ብለውኛል። ለጥምቀት ና። ደጄን ርገጥ። የሚጠብቅህ ሰው አለህ፤ ሁለት ነን፣ በዛብሽን ከቆጠርህ ሦስት። ስትመጣ ግን አደራህን በማለዳ እንዳትመጣ። ሰው አስከትለህም እንዳትመጣ፤ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስንም ቤቱ የት ነው ብለህ እንዳትጠይቅ። በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻህን፣ ከማዶ ጀምረህ እየዘፈንህ ና።

እስከዚያው አምላክ በሰላም ያግባህ፣ በሰላም ያውጣህ። ያቆማችሁት እንጨት ይጽናላችሁ፤ እንጨቱን ያቆመው ማኅበራችሁም ይጽናላችሁ። በዛብሽ «ለእኔ ያልሆነው ዕድሜ ለአንተ ይሁን» ብላሃለች። እናትህም በእሷ በኩል ጉንጭህን ስማለች።

ይህን ደብዳቤ አሁን ከላይ እስከ ታች አየሁት። መስመሩ ተጣሟል፤ ቀለሙ ሁለት ቦታ ላይ ፈሷል። «ና» የምትለዋን እንኳ ሰርዤ ሦስት ጊዜ ነው የጻፍኋት። እጄ ብዕር ከያዘ ወዲህ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ጽሕፈት ጽፌ አላውቅም። ልገለብጠው አዲስ ወረቀት አወጣሁና ተውሁት። እንዲሁ ይድረስህ፤ አንተ ማንበቡን ታውቅበታለህ።

አባትህ
ገብረ ሚካኤል